ጠበል መጠጥ ነው እንዴ?

አንገቴ ላይ ያለውን ጠባሳ አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። አንዱ በዓይኑ ይጠይቀኛል፣ ሌላው ክንዴን ይዞ ጥግ ያስይዘኝና «የኔታ፣ እህቴም እንዲሁ አለባት፤ ቢላዋው ያማል ወይ?» ይለኛል። ጅጋ ገበያ በርበሬ ልገዛ ወርጄ ስለ አንገቴ ሳወራ መሽቶብኝ ባዶ እጄን የገባሁበት ቀን አለ። ትዕግሥት ድሮም የለኝም፣ ተማሪዎቼ ይመስክሩ። እንግዲህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ማንበብ የሚችል ያንብበው፣ የማይችልም ያስነብበው።

ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ ደብር ዜማ አስተምራለሁ። በበዓል ማሕሌት ሲቆም የምመራው እኔ ነኝ። እኔ እመራለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እንጀራዬ ድምፄ ነው፤ ደግሞም እወደው ነበር። ትዕቢት ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

እንቅርቱ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ አብሮኝ የኖረ ነው። በእኛ አገር እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ እናቴም ነበረባት፣ አክስቴም ነበረባት፣ እንደ በሽታ የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። እያደገ መሄዱን የነገረኝ ማዕተቤ ነው። ክሩ እያጠረብኝ ባለቤቴ ስመኝ በየጊዜው እየቀጠለች ታስረዝመው ነበር። «አንገትህ ነው የሚወፍረው ወይስ ክሩ ነው የሚሸሸው?» እያለች ትስቅብኛለች። እኔም አብሬያት እስቅ ነበር።

ሳቁ የቆመው በሚካኤል ዕለት ነው። ማሕሌቱ ደምቆ መጨረሻው ደረሰ። እዚያ ላይ ድምፅ ከፍ ተደርጎ በአንድ ትንፋሽ የሚዘለቅ ሐረግ አለ። መሃሉ ላይ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ አለ። አፌ ተከፍቷል፣ ድምፅ የለም። ሌሎቹ ነገሩ ገብቷቸው ከአፌ ተቀብለው ጨረሱልኝ። ሲያልቅ ዞርኩና «ማነው ያፈጠነው?» ብዬ ተቆጣሁ። ማንም አላፈጠነም። እኔም አውቄዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት አጣሁ። በጀርባዬ ስተኛ ጉሮሮዬ እንደ ሸምበቆ ዋሽንት ያፏጫል፤ ስለዚህ ግድግዳ ተደግፌ ማደር ጀመርኩ። ስመኝም አብራኝ አትተኛም። ጨለማው ውስጥ ሆና ፉጨቱን ታዳምጣለች። ፉጨቱ ትንሽ ፋታ ሲሰጥ «አለህ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። እንዲህ ነበር የምናድረው።

ሕክምናውን የጀመርኩት ጅጋ ካለ አንድ ክሊኒክ ነው። «ብርድ ነው» አሉና መርፌ ወጉኝ። ቀጥሎ ያየኝ ሰው «ጨጓራህ ወደ ላይ እየገፋህ ነው» ብሎ በርበሬ ከለከለኝ፤ ለጎጃሜ በርበሬ መከልከልን እናንተው አስቡት። ቡሬ ድረስ ሄጄ ያየኝ ደግሞ «አስም ነው» አለና በአፍ የሚነፋ መድኃኒት ሰጠኝ። ስነፋው ልቤ ከበሮ መታ እንጂ ትንፋሼ አልተከፈተም። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ በእኔ ግን በእንቅርቱ ላይ ብርድም፣ ጨጓራም፣ አስምም ተጨመረብኝ። አንዳቸውም አንገቴን አልዳሰሱም። እኔም «እስቲ አንገቴን እዩልኝ» አላልኩም፤ እንቅርቱን ከተፈጥሮዬ ቆጥሬው ነበራ።

በመጨረሻ ፍኖተ ሰላም ላይ አንድ ሐኪም «እስቲ ሁለት እጅዎን ወደ ላይ ያንሱ» አለኝ። እንደ ጸሎት አነሳኋቸው። ወዲያው ፊቴ ደም ሞላ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። «በቃ ያውርዱ» አለ። «የኔታ፣ እንቅርቱ ወደ ደረትዎ ወርዶ የአየር ቧንቧዎን እየጨመቀው ነው። ኦፕራሲዮን ያስፈልግዎታል።» ወደ ባሕር ዳር ጻፈልኝ። እዚያም ተራ ያዙልኝና «ሲደርስዎ እንደውላለን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክ ባንቃጨለ ቁጥር ከመቀመጫዬ ብድግ ነው። አማቼ ስለ ላሟ ለማውራት ስትደውል እንኳ ብድግ!

የፈረንጆቹን ወሬ ያመጣችው ስመኝ ናት። ያኔ መንገዱ ሰላም ነበርና ከፍኖተ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ አንድ የሚሽን ክሊኒክ በየዓመቱ የውጭ ሐኪሞች ይመጡ ነበር። ጥቂት ጊዜ ቆይተው፣ እንቅርትም ሆድም ቀድደው፣ ሻንጣቸውን ዘግተው ይሄዳሉ።

«ሰኞ ይጀምራሉ አሉ» አለችኝ።

«ጴንጤዎች ናቸው።»

«ይሁኑ!»

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ። ማዕተቤን በጥሰው፣ መጽሐፍ አሸክመው ቢመልሱኝ ሰው ምን ይለኛል?»

«ስትሞትስ ሰው ምን ይልሃል?» አለችና ተነስታ ወጣች። በሯ ላይ ስትደርስ መለስ ብላ «እኔ ፉጨት ስጠብቅ ማደር ሰልችቶኛል» አለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሃያ ክርክር የማያሸንፈኝን እኔን በዚያች ቃል ረታችኝ።

የንስሐ አባቴ አባ ወልደ ሰንበት ዘንድ ሄድኩ። ይከለክሉኛል ብዬ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንዲከለክሉኝም ፈልጌ ነበር። እሳቸው ግን መስቀላቸውን አሳልመውኝ «ሐኪሙን የፈጠረው ማን ሆነና? ሂድ። ብቻ እኔ የምልክልህን ጠበል ሳትጠጣ ቢላዋ እንዳያገኝህ» አሉ። ይህቺን ቃል ያዙልኝ፤ ጣጣው ከዚህች ነው የመጣው።

ክሊኒኩ ስንደርስ ግቢው የንግሥ ቀን ይመስላል። ከፈረስ ቤት በእግሩ የመጣ አለ፣ ከግሽ ዓባይ አልጋ ላይ ተሸክመው ያመጡት አለ። አግዳሚ ወንበሩ ሞልቶ ሰው በየጥላው ተቀምጧል። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከዛፉ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ዛፉ ስመላለስ አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ አንተ ስትዞር እኔን አዞረኝ» አሉኝ። አንዲት ፈረንጅ ልጅ ፈገግ ብላ ትንሽ የአማርኛ መጽሐፍ ሰጠችኝ። አንብቤ የፊደል ግድፈቷን በእርሳስ አርሜ መለስኩላት። አመሰገነችኝ፣ ምስኪን!

ሐኪሟ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጅም ሴት ናቸው። የምታስተረጉመው የቡሬ ልጅ ናት፣ ሲስተር ብርቱካን። ዶክተሯ አንገቴን ከፊት ዳሰሱ፣ ከኋላ ዳሰሱ፣ ውሃ አስዋጡኝ። ከዚያ ቁጭ አሉና ዓይን ዓይኔን እያዩ ተናገሩ።

«የኔታ» አለች ብርቱካን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዶክተሯ ምን ይላሉ፣ ከእንቅርቱ ጀርባ ድምፅ የሚያወጣው ሥር ያልፋል፤ እንደ ክር ቀጭን ነው። እንጠነቀቃለን፣ ግን ሊጎዳ ይችላል። ድምፅዎ ሊጎረንን፣ ጨርሶም ሊጠፋ ይችላል፤ ማወቅ አለብዎት ይላሉ።»

ብድግ አልኩ። ጋቢዬን ሰበሰብኩ። «ስመኝ፣ ተነሽ እንሂድ!»

ስመኝ አልተነሳችም። ዶክተሯ በእጃቸው ቆይ የሚል ምልክት ሰጡኝና አንድ ነገር ጠየቁ። «የሚዘምር ሰው መሆንዎን ነግሬያቸው ነው» አለች ብርቱካን። «ድምፅዎ ከመነካቱ በፊት እንዴት እንደሆነ ልስማው ይላሉ።»

ቆሜ እንዳለሁ ያንኑ የሚካኤልን ሐረግ ጀመርኩ። ደጅ ያለው ጫጫታ ጸጥ አለ። ወጣሁ፣ ወጣሁ፣ መሃሉ ላይ ስደርስ ያው ቁርጥ አለ። ማንም የሚቀበለኝ አልነበረም። ዶክተሯ ተናገሩ፤ ብርቱካንም «ባልነካውም ይሄዳል ይላሉ። ትንፋሹ ሲዘጋ ድምፁም አብሮ ነው የሚዘጋ» አለችኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ቀጠሩኝ። «ከመኝታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ፣ ውሃም ቢሆን» አለችኝ ብርቱካን። ሳቅሁባት። እኔን ጾም ታስተምሪኛለሽ? ሁዳዴን ከልጅነቴ ጀምሮ የጾምኩ ሰውዬ!

ጠዋት አባ ወልደ ሰንበት የላኩት ጠበል በቢጫ ጀሪካን ደረሰ። ጠበል ጾም አይሽርም፤ እንዲያውም በባዶ ሆድ ካልሆነ አይጠጣም። ፊቴን ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ፣ ሆዴ እስኪንቦጫረቅ ጠጣሁ። ከዚያ ልቤ ረጋ። ብርቱካን መጥታ «ምንም አልቀመሱም?» አለችኝ። «አልቀመስኩም።» «ውሃስ?» «ኧረ ጠብታ!» በእግዜር ስም ነው የምላችሁ፣ ስመልስላት ውሸት የሚባል ነገር በልቤ አልነበረም።

የኦፕራሲዮኑን ልብስ አልብሰውኝ በተሽከርካሪ አልጋ ሊገፉኝ ሲሉ ስመኝ ጀሪካኑን ይዛ ከኋላ ደረሰች። ደስ ብሏታል፣ ደግነቷ መጥቷል። «ሲስተር፣ ለዶክተሯም ትንሽ ቅጂላቸው፣ እጃቸውን ይባርክላቸው። እሱ ጠጥቶ የተረፈ ነው» አለቻት።

ብርቱካን ቀጥ ብላ ቀረች። «ምን ጠጥቶ?»

«ጠበል ነዋ።»

«የኔታ! ምንም አልጠጣሁም አላሉኝም?»

«አልጠጣሁም። ጠበል መጠጥ ነው እንዴ?»

ዶክተሯ ሲነገራቸው ፊታቸው ደም መሰለ። ጓንታቸውን አውልቀው ጣሉ። ብርቱካን ተረጎመችልኝ፦ ማደንዘዣ ሰውን ሲያስተኛው ሆድ ውስጥ ያለው ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባ ይገባል፤ ሰው በዚያ ይሞታል። እኔም ተናደድኩ። «የተባረከ ውሃ ሰው አይገድልም!» አልኩ። ዶክተሯ ይህን ሰሙና ቁጣቸው በረድ ብሎ «ይባርክ ይሆናል፤ ሲወርድ ግን ያው እንደ ውሃ ነው የሚወርደው» አሉኝ።  

ተራዬ ተሰረዘ። ሊሄዱ ጥቂት ቀን ነው የቀራቸው፤ የሚታከመው ሰው ሁሉ ደግሞ ተመዝግቦ አልቋል። ከክፍሉ ወጥቼ በረንዳው ላይ እንደ ታሰረ ፈረስ ተመላለስኩ። ስመኝ ጀሪካኑን ታቅፋ ታለቅሳለች። «እኔ ነኝ የገደልኩህ፤ ምላሴ ነው» ትላለች። ምላሷ እንዳዳነኝ ያን ጊዜ ለሁለታችንም አልገባንም።

ያኔ ብርቱካን አንድ ነገር ትዝ አላት መሰለኝ፣ ወደ ተጠባባቂዎቹ ዞረችና ጮኸች፦ «እስቲ ዛሬ ጠዋት ጠበል የጠጣችሁ እጃችሁን አውጡ!»

ወይ ጉድ! ለኦፕራሲዮን ከተቀመጠው ሰው ገሚሱ እጁን አወጣ። አንዱማ እንዳይቀርበት ብሎ ሁለቱንም አወጣ። ከእኔ ቀጥሎ የምትገባው የሰከላ ሴትዮ «እኔ ትንሽ ነው የጠጣሁ፣ አንድ ጣሳ» አለች። ዶክተሯ በሩ ላይ ቆመው እጆቹን ሲያዩ ፊታቸው ነጣ። ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ አሉ። ሁላችንም ጠዋት አንድ በአንድ «አልቀመስኩም» ብለናቸው ነበር፣ ሁላችንም ደግሞ እውነታችንን ነበር።

የዚያ ቀን ሥራ ተዘበራረቀ፤ ግማሹ ለከሰዓት፣ ግማሹ ለነገ ተሸጋሸገ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርቱካን እያንዳንዱን ሰው «እህልስ? ውሃስ? ጠበልስ?» ብላ ሳትጠይቅ አታስገባም ነበር። ለእኔም ዶክተሯ የመጨረሻዋን ዕለት፣ ዕቃ የሚጭኑበትን ጠዋት ሰጡኝ። «ለእርስዎ ሲሉ ጉዞውን ወደ ከሰዓት አስገፍተውታል» አለችኝ ብርቱካን።  ጎንበስ ብዬ እጅ ነሳሁ።

በዚያ ጠዋት ጠበሉ ፊቴን ብቻ ነካኝ። አልጋው ላይ ስጋደም ሌላ ነገር መጣ፤ ማዕተቤ መውጣት አለበት ተባለ። «አንገቴን ቁረጡት እንጂ እሱን አትበጥሱም» አልኩ። የፈራሁት ደረሰ ብዬ ነው። ዶክተሯ ብርቱካንን አዳመጡና መቀስ ሳያነሱ፣ ቋጠሮውን በጥፍራቸው ቀስ ብለው ፈትተው፣ የእጄ አንጓ ላይ ዞር ዞር አድርገው አሰሩልኝ። ስመኝ አርዝማ ቀጥላው ስለነበር ክሩ በደንብ በቃ። ከዚያ ያንኑ እጄን ይዘው በቋንቋቸው ጸለዩ። እኔም በግእዜ ጸለይኩ። አሜን ስንል አንድ ላይ ገጠምን።

ስነቃ መጀመሪያ ያደረግሁት መተንፈስ ነው። አየሩ ሳያፏጭ ገባ፣ ሳያፏጭ ወጣ። ቀጥዬ «ስመኝ» ልላት አፌን ከፈትኩ። እንደ ገለባ የሚንኮሻኮሽ ነገር ወጣ። ዶክተሯ የመንገድ ልብሳቸውን ለብሰው መጥተው «አ» ይበሉ አሉኝ፤ አልሆነም። «ሥሩን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ አልተቆረጠም። አብጦ ነው፤ ሊመለስ ይችላል፣ ጊዜ ይፈልጋል። እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ ግን ቃል አልገባልዎትም» አሉ። ደጅ መኪናው ጥሩንባ ይነፋል። ትከሻዬን ጨበጥ አድርገው ሄዱ።

ያን ጊዜ ተናደድኩባቸው፣ አልደብቅም። አንገቴን ከፍተው፣ ድምፄን እዚያው ትተው፣ በአውሮፕላን ሄዱ! ልጠይቃቸው የምፈልገው ነገር ደግሞ ቤት በገባሁ ማግስት ነው የጀመረው፤ ከንፈሬን ነዘረኝ፣ ጣቶቼ ተኮራመቱ። «መንፈስ ነው» ያለ ነበር። ብርቱካን ጋር ስንደውል ግን «ካልሲየም አንሶት ነው፤ ቶሎ ሐኪም ዘንድ አምጡት» አለች። አጥንትንና ጡንቻን የሚያጸናው ነገር ነው አሉኝ፤ ያ የፍኖተ ሰላሙ ሐኪም ኪኒኑን ሲሰጠኝ ንዝረቱ ተወኝ።

ድምፁ ግን አልመጣም። ተማሪዎቼን በመቋሚያዬ መሬት እየመታሁ አስተማርኳቸው፤ ሲሳሳቱ አንድ፣ በጣም ሲሳሳቱ ሁለት እመታለሁ። መሬቱ ተቦረቦረ። ማሕሌት ሲቆም ከኋላ ቆሜ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ። «ጴንጤ ዘንድ ሄዶ ድምፁን አስወሰደ» የሚል ሐሜት ከጆሮዬ ገባ። ስመኝ ሐሜተኛውን ምንጭ ላይ አግኝታ ምን እንዳለችው ለመጻፍ አልደፍርም። እኔ ግን ቤት ስገባ «ምናልባት እውነታቸውን ይሆን?» እያልኩ ስቁነጠነጥ እውላለሁ። ምግብ አልረጋ አለኝ፣ ሰው አስጠላኝ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደክሞኝ መደቡ ላይ ጋደም አልኩ። ልብ ሳልል በጀርባዬ ነው የተኛሁት፤ ከስንት ዘመን በኋላ! ስመኝ ከደጅ ስትገባ በጀርባዬ ተዘርግቻለሁ፣ ፉጨት የለም፣ ምንም ድምፅ የለም። ለዓመታት ስትፈራው የኖረችው ዝምታ! እሪ አለች። ደረቴን እየደቃች «ወንድ ያለህ! ድረሱልኝ! ሞተብኝ!» ስትል ጎረቤት እየሮጠ ገባ።

እኔም ከእንቅልፌ ባንኜ «ምነው አንቺ ሴት፣ ሰው አይተኛም እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት።

 የሰማነው ድምፅ ጎርናና ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ የእኔ አይመስልም። ግን ድምፅ ነው። ስመኝ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ድገመው» አለች። «ምኑን?» አልኳት። «ቁጣውን!»

ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ እየጠራ መጣ፤ የቀድሞውን አልሆነም፣ አይሆንም። ብርቱካን በስልኳ ቀርጻ ለዶክተሯ ላከችላቸው። መልሳቸውን ስታነብልኝ ሳቋ አላስጨርስ አላት፦ «ጠበል ጠጥቶ ነው የዘመረው?» ዛሬ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እነሱም መምጣት አቁመዋል። ያ ግቢ አሁን ጸጥ ብሏል።

አንገታችሁ ያበጠባችሁ፣ ለሐኪም «አንገቴን ዳስሱልኝ» በሉ፤ እነሱ እስኪያዩት አትጠብቁ። ለኦፕራሲዮን ስትገቡም ጠበላችሁን በዋዜማው ቀን ጠጡት፤ ከጠጣችሁም ተናገሩ። መልአኩ አይቀየምም።

ድምፄ ከጠራ በኋላ ሚካኤል ሲደርስ አባ ወልደ ሰንበት «ምራ» አሉኝ። ከኋላ ወጥቼ ከፊት ቆምኩ። ከድሮው ዝቅ አድርጌ ጀመርኩ። ያቺ ሐረግ ስትደርስ ሌሎቹ ሊቀበሉኝ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ሰማሁ፤ ማዕተቤ ያለበትን እጄን አንስቼ ከለከልኳቸው። መሃሉን አለፍኩት። እስከ መጨረሻው በአንድ ትንፋሽ ሄድኩ፣ ጨረስኩትም።

ያኔ ከሴቶቹ በኩል አንዲት እልልታ ከሁሉም ቀድማ ወጣች። የማን እንደሆነች ዞሬ ማየት አላስፈለገኝም።